የተቆረጠው ድምፄ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ 2005፤ 11 ሰዓት

ሙቀት። መብራት የለም። ለድርጅታችን መጽሔት የሰሊጥ ፎቶ ስመርጥ ዋልኩ። ሲስተር እንይሽ ከጤ/ጣቢያ ደወለች፤ ቶሎ ነይ። ሄድኩ። ኮኪት ካለው የሰሊጥ እርሻችን የመጣ የወሎ ልጅ፣ ይማም፣ ተኝቷል። ካላዛር፤ ካልታከመ የሚገድለው ትኩሳት። ሆዱ ተነፍቷል፤ ሌላው አጥንት ብቻ። ወንድሙ ሰይድ ድምፄን ሲሰማ ቀና አለ።

«አንች አይደለሽም ወይ በማጉያው የሚያሰጋ ነገር የለም ያልሽን? ያንችን ቃል አምነን እኮ ነው አጨዳውን የቀጠልን።»

እኔ? አንቺ ደብተር፣ እኔ ለሠራተኞቹ ካምፕ የቀዳሁት መልእክት እንዲህ ነበር፦ ትኩሳት የሰነበተበት ሰው ሥራውን ትቶ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በጊዜ ከታከመ የሚያሰጋ ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ካምፑን በማጉያ የዞረውን ባለባጃጅ አገኘሁት። ቅጂውን ከፈተልኝ። ድምፄ ነው። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ጤ/ጣቢያው ጠፍቷል፤ «የሚያሰጋ ነገር የለም» ብቻ፣ ደጋግሞ። ያስቆረጠው ሥ/አስኪያጃችሁ፣ አቶ መልኬ ነው አለኝ። ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አልካደም። ሠራተኛ ከተበተነ ሰሊጡ ይረግፋል አለኝ። ሕዝብ ግንኙነት ማለት ይኸው ነው አለና ሳቀ። ያቺን ሳቅ አፉ ላይ አደርቃታለሁ!

ከሰዓት ከእንይሽ ጋር ካምፑ ድረስ ሄድን። ዘበኛው አላስገባም አለ፤ ታዟል። ውስጥ ስንት የታመመ እንዳለ እንጃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

መልኬን የማጠፋበት ነገር አገኘሁ። ሰሊጥ በድብቅ ወደ ሱዳን ያሻግራል ብዬ ጎንደር ላለ ጋዜጠኛ መንገር። ውሸት ነው። ግን እንዴት ያምራል! ጻፍኩት፤ ሙያዬ ነውና ቃሉ እየተንደረደረ መጣልኝ። አንዴ ብደውል ያበቃለታል።

ቀደድኩት። አዘነችለት እንዳትዪ! ይህን ውሸት ካስተባበለ ስለ ትኩሳቱም እኔ ውሸታም ልባል ነው፤ እሱ ነፃ ሊወጣ። አይወጣም። በገዛ ሥራው ነው የምይዘው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት ይማም ሞተ። ሰይድ ቀብሮት ተመለሰ፤ የወንድሙን ጫማ በፌስታል ቋጥሮ በአጠገቤ አለፈ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መልኬ ጠራኝ፤ ማር ሆኗል። ቅዳሜ የሰሊጥ ገዢዎችና የዞን ኃላፊዎች ካምፑን ይጎበኛሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል፤ መድረኩን የምመራው እኔ ነኝ። የማነበውን ራሱ ጽፎ ሰጠኝ፤ ጤናማና ደስተኛ ሠራተኞቻችን ምናምን። እሺ ጌታዬ አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ። ደስ አለው፣ ሞኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10፤ ጠዋት 1፡30

ቀሚሴን ተኩሻለሁ። እንይሽ በጤ/ጣቢያው መኪና ከእንግዶቹ ኋላ ትገባለች፣ የታመሙትን ልትጭን። ዛሬ በሩ ክፍት ነው። ከሥራ እንደምባረር አውቃለሁ። እፈራለሁም። ይሁን።

መልኬ ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑን እያየሁ ነው የምናገረው። ዛሬ የሚቀዳ የለም፤ መቁረጥ ካማረው ከአፌ ይቁረጥ። በስሜ እጀምራለሁ። ከዚያ የይማም ስም። ከዚያ ድምፄን ማን እንዳስቆረጠው፣ ከነማዕረጉ። ከዚያ፣ ትኩሳት ያለባችሁ ሁሉ አሁኑኑ ወደ

የመኪና ጡሩምባ። በመስኮት አየሁ። ወደ ካምፑ ሊወስደኝ የመጣው ራሱ መልኬ ነው፤ ያቺኑ ሳቁን እየሳቀ።