ያጠበቅኩት ማሰሪያ

ታኅሣሥ 19
ጓደኛዬ መልከጸዴቅ ስሜን ከበረዶው ጉዞ ዝርዝር ሰረዘ። ሳይነግረኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ወጥተናል... ዛሬ ቸርች ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሃያ ሁለት ስም። የእኔ የለም።

ይባስ ብለው ተጓዦቹ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎቻቸውን እንደ ልማዳቸው አምጥተው ሳሎኔ ውስጥ ደርድረው ሄዱ። ዘጠኝ ጥንድ። እኔ አልሂድ፣ ስኪው ግን እኔ ጋ ይሠራ! የእሱም አለ፤ ቀዩ።

ለምን? አልጠየቅኩም። እሱ ይንገረኝ።

ታኅሣሥ 21
ሠራሁ። ምን ላድርግ፣ የተሰጠኝን ሥራ አልጥልም። ሰሙን በካውያ እያቀለጥኩ የስኪዎቹን ሆድ ቀባሁ፤ ሲበርድ ፋቅኩ፣ በብሩሽ አሸሁ። ካውያው የውባንቺ ነው። ባለቤቴ ብትኖር ታስነካኝ ነበር?... አራት ዓመት ሆናት።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ በሻማ ነበር የሞከርኩት፤ ስኪው አልንሸራተት ብሎ ገትሮኝ ቀረ። መልከጸዴቅ በሳቅ ተንከባለለ። "ጧፍ አስመሰልከው እኮ! ለኩሰውና ይለይልህ" አለኝ።

የእሱን ጥንድ መጨረሻ ላይ አደረግኩ። ጠርዙን ሳልሞርደው ልተወው አሰብኩ። ቁልቁለቱ ላይ መያዣ ይጣ... ሞረድኩት። ከሌሎቹ አስበልጬ።

ታኅሣሥ 22
ልጄ ቢታንያ ከቤልቪው ኮል አደረገች።
"አባ፣ ብቻህን ከምትቆዝም እኛ ጋ ና በቃ። ልጆቹ ናፍቀውሃል።"
"አቅርቢልኝ።"
"ሃይ ግራንድፓ" አሉ። እኔስ ምን ልበላቸው? ዘጋሁ።

ታኅሣሥ 25
አንድ ነገር አገኘሁ። ማሰሪያዎቹን፣ ጫማውን ስኪው ላይ የሚይዙትን ማለቴ ነው፣ ላጠብቅ ካቻቢቴ አነሣሁ። የጥብቀቱ ቁጥር በትንሽ መስኮት ይታያል። አምና ሁሉንም ዘጠኝ ላይ አድርጌ ነበር። አሁን አራት፣ ሦስት ተኩል፣ አምስት... አንድም ዘጠኝ የለም። ማን ነካው?

ኤዶምን ጠራኋት። የጉዞው አስተባባሪ ናት፤ አትዋሽም። መጣች፤ አልቀመጥም አለች።
"ጋሼ፣ አይቆጡኝም?"
"እቆጣለሁ። ተናገሪ።"
"ጋሽ መልከጸዴቅ አምና ጉልበታቸው የተጎዳው... ቤታቸው ደረጃ ላይ ወድቀው አይደለም። በረዶው ላይ ነው። ሲወድቁ ስኪው አልለቀቃቸውም።"
"ታዲያ! አጥብቄ አስሬው..." ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም።
"እሱ ነው ችግሩ፣ ጋሼ። ሶ፣ ከዚያ በኋላ ሁላችንም የስኪ ሱቅ ወስደን አስላላነው። ለእርስዎ እንዳንነግር ቃል አስገቡን።"
"ስሜስ?"
"እዚህ ቢያጠብቁት መልሰን እናስላላዋለን፤ ከመጡ ግን ፓርኪንጉ ላይ ካቻቢቴዎን ይዘው የሁሉንም ያጠብቃሉ። እምቢ የሚልዎት ማን አለ? ፓስተሩ እንኳ አፍረው እግራቸውን ዘርግተው ቆሙልዎ እኮ!"

ፊት ለፊት ከመንገር መሰረዝ ቀለላቸው።

ታኅሣሥ 26
የፋብሪካውን መመሪያ አነበብኩ። አሥራ ስድስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ማሰሪያው ሰው ሲወድቅ እንዲለቅ ነው የተሠራው። እኔ የታሰረ ነገር መፈታት የለበትም ስል...

ዓመቱን ሙሉ ሲያነክስ አይቼዋለሁ። "አረጀህ አንተ ሰውዬ" እያልኩ ቀልጄበታለሁ። እሱም አብሮኝ ይስቅ ነበር።

ታኅሣሥ 28
ምንም አላጠበቅኩም።

ጥር 2
የራሴን ስኪ ሱቅ ወሰድኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት ልጅ ክብደቴንና ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ሰባ ሁለት አልኳት። አራት ላይ አደረገችው። ከፍዬ ወጣሁ።

ለምን ወሰድኩት? የት ልሄድበት?

ጥር 6
መልከጸዴቅ ስኪዎቹን ሊወስድ መጣ። ጎንበስ ብሎ የቀዩን ቁጥር አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።
"አልነካኸውም።"
"አልነካሁትም።"
"መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለ።"
"ስሜ የለም።"
"እኔው ሰረዝኩ፣ እኔው እጽፋለሁ። ግን በዛብህ፣ ስለ አምናው..."
"ስለ አምናው ካነሣህ አልመጣም።"
"ግትር ሽማግሌ!"
ስኪዎቹን አብረን አወረድን። ከባድ ከባዱን እኔ ያዝኩ።

ጥር 9
ከተራራው ተመለስኩ። በኬብሉ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠን ወጣን፤ እግራችን አየር ላይ ተንጠልጥሎ። ጉልበቱን በጓንቱ ያሸዋል። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። እሱም የሆነ ነገር ሊል ሲል ፊቴን አዞርኩበት።

ለምን?... እሱ ከተናገረ ይቅር ማለት ይኖርብኛል። እኔ ከተናገርኩ ይቅር ይለኛል። እሱ ይችላል። የማልችለው እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደቀ። ስኪው ለቀቀው። በጀርባው ተኝቶ ሰማዩን እያየ ሳቀ። እጄን ሰጥቼ አነሣሁት። ከቆመም በኋላ ትንሽ ያዝኩት።

አሁን ቤቴ ነኝ። ሳሎኑ ባዶ ነው። ስሜን ሰርዟል፤ ጉልበቱን ጎድቻለሁ። አንድ ጊዜ ጻፍኩት፤ ይበቃል። ሁለተኛ ለእሱም፣ ለልጄም፣ እዚህ ደብተር ላይም አላነሣውም።