በሩ ወዴት ይዙር

ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ቡሬ አጠገብ

ብዕሩን የያዙት የቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር መሪጌታ ይትባረክ ናቸው፤ ቃሉ ግን የእኔ የቤት ሠሪው የአያሌው ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። በዚህ አገር ደህና ቤት ከተባለ ግን የእኔ እጅ አለበት። ነበረበት ልበል እንጂ፣ ጣሊያን አቃጥሎ ጨረሰው።

መሪጌታ «ዳዊት የደገሙትን ልጆች የቤት አነዳደፍ ያስተምሩልኝ፤ እርስዎ ሲሞቱ ማን ሊሠራልን ነው?» ብለው ለመኑኝ። እሺ አልሁ። ትምህርቱን ከበሩ ልጀምር አሰብሁ። በር ወደ መንገድ ይዞራል፤ እንግዳ ሲመጣ ፊት ለፊት ይቀበለዋል። የቤቱን ክብ የምንለካበት ችካልና ገመድ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዛሬ የሚያውቁትን ልይ ብዬ «የምትመኙትን ቤት አመድ ላይ ሣሉ» አልኋቸው። ሁሉም በሩን ወደ ጫካው አዞሩት።

«ቤት ለመንገድ ጀርባውን ይሰጣል? ምን ዓይነት ባለጌ ነው ያሳደጋችሁ?» ብዬ ጮኽሁባቸው።

የመሪጌታ ልጅ ውድነሽ ቀና ብላ «አባባ፣ አሁን በመንገድ የሚመጣው እንግዳ ነው እንዴ?» አለችኝ።

የእኔም ቤት በሩ ወደ መንገድ ነበር። ጣሊያኖች በዚያው መንገድ መጥተው ሲያቃጥሉት ሚስቴ ሳትወጣ ቀረች።

ልጆቹ ነገ ይመጣሉ። ወደ መንገድ ብላቸው እሳት ያገኛቸዋል። ወደ ጫካው ብላቸው ያስተማርሁት ቤት ሳይሆን የቀበሮ ጉድጓድ ነው። ለዚህ ነው ያረጀሁት?

መሪጌታ፣ በር ወደ መንገድ ይዞራል ያልሁባትን ቦታ መልሰው ያንብቡልኝ። ዛሬም እውነት መሆኗን በጆሮዬ ልስማት።