ማንነቱ ያልታወቀው አረጋዊ እና በወረቀት የተጠቀለለው ጨው

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በየግድግዳው የተሰቀሉት ካሜራዎችዎም በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ደረጃ ስወጣ ስላዩት አልዘረዝርም።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ታላቅ ዜና ለሕዝብ ማብሠር ግዴታዬ ሆኗል። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከፈተና አዳራሹ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሽማግሌ ለልጅ ልጁ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ጨው ሰጥቷል። ልጅቷም ጨዉን ነስንሳ፣ እንቁላሉን በልታ፣ ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጥላ ወደ ፈተናዋ ገብታለች። ሽማግሌው እኔ ነኝ።

ይኸው ዜና ክቡርነትዎ ዘንድ የደረሰው ግን ከካሜራው በተቀዳ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ በፎቶውም ላይ አንድ ሰው ለአንዲት ተማሪ የታጠፈ ወረቀት ያቀብላል። የሰውየው ፊት ለክብሩ ሲባል በጥቁር ተሸፍኗል፤ የልጅቷ ፊት ግን እንደ ጸሐይ ተገልጧል። ከሥሩም «ማንነቱ ያልታወቀ አረጋዊ የፈተና መልስ ሲያቀብል» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ የተነሳ የልጅ ልጄ የፊታችን ሐሙስ ኮሚቴዎ ፊት ትቀርባለች፤ ጥፋተኛ ከተባለች፣ ለመመረቅ አራት ወር ሲቀራት አንድ ዓመት ትታገዳለች። የምትማረው የመድኃኒት ቅመማ ነው፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ ጫማ ሰፊ ነኝ። ከእኔ የፈተና መልስ የሚቀበል ተማሪ ካለ መታከም እንጂ መታገድ አይገባውም። ቢሆንም እንደ ምሁር ስለቆጠሩኝ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤

፩ኛ. ከፎቶው ቀጥሎ ያሉት ሁለት ደቂቃዎች ለኮሚቴው ይታዩ ብዬ መዝገብ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊዋ እንደ አባታቸው አክብረውኝ ተነሥተው ተቀበሉኝና «አባባ፣ ምስሉ ላይ ያሉት ሰውዬ ካልፈቀዱ መክፈት የግል መረጃ ጥበቃ ደንቡን መጣስ ነው» አሉኝ። ሰውዬው እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ አልኩ። «እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ ምስሉን መክፈት ሊኖርብን ነው፤ ለመክፈት ደግሞ የሰውዬው ፈቃድ ያስፈልጋል» አሉኝ። መታወቂያዬን አሳየሁ፤ ኮፍያዬንም አውልቄ መላጣዬን አሳየሁ፤ ምንም አልፈየደልኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ፊትም ባዳ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማራችሁኝ ውለታችሁ አለብኝ።

፪ኛ. ኃላፊዋ ቀጠሮዬን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ቤቴ ገብቼ ብገለብጠው ጀርባው የአንድ ተማሪ የሕክምና ማስረጃ ነው። ልጁ ጨጓራው ክፉኛ እንደሚያመው እኔ፣ ዘመዱም ጎረቤቱም ያልሆንኩት፣ ዐወቅሁ። ለእኔ ፊት የተደረገው ጥንቃቄ ለዚያ ልጅ ሆድም ቢደረግ ምን ነበረበት? ወረቀቱን በፖስታ አሽጌ መልሻለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርምና፣ ተማሪዎች በሙሉ ቁርስ ሳይበሉ እንዳይመጡ ማስታወቂያ ቢለጥፉልኝ ደስ ይለኛል።

፫ኛ. በቀጠሮዬ ቀን ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ስመለስ ደከመኝና በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ዐይኔን ጨፍኜ አረፍ አልኩ። ከጀርባዬ የጥበቃዎቹ ክፍል መስኮት ክፍት ነው። የተኛሁ መሰላቸው።

«ና እየው፣ ሽማግሌው ጨዉን እንደ ወርቅ ሲያስረክብ።»

«ጣቷን ስትልስማ! እስቲ መልሰው።»

«እሷን እኮ ነው የከሰሷት።»

«በጨው?»

ሳቁ። ሻይ የምታመላልሰዋ ሴትም አብራ ሳቀች። እንግዲህ ያን ምስጢራዊ ምስል ጥበቃው አይቶታል፣ ሻይ አመላላሿ አይታዋለች፤ ያላዩት ሊፈርዱበት የተሰየሙት ብቻ ናቸው። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወሬው ወደ ክቡርነትዎ ዞረ፤ በኮሪደሩ መስታወት ፊት ንግግርዎን ሲለማመዱ ቆይተው በመጨረሻ ለራስዎ እንደሚያጨበጭቡ ሲያወሩ ሰማሁ።

ክቡር ሆይ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እንቁላል ያለ ጨው እንደማይወርድላትም የማውቀው ለዚህ ነው። የምለምንዎ ሁለት ደቂቃ ነው። ሐሙስ ጠዋት ያንኑ ኮፍያ አድርጌ በዚያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁና ካሜራዎ እኔን ከእኔ ጋር ያስተያየን። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል፤ ደንብም እንደዚሁ ነው።

ካሜራዎችዎ ስጎነበስ ባዩኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ማንነቱ ያልታወቀ አረጋዊ፣
የተከሳሿ አያት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ነገር ፈጥሬአለሁ፤ እሱም የመስታወቱና የጭብጨባው ነገር ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጥበቃዎቹ ስለ እርስዎ ያወሩት ሌላ ነው። የግል መረጃዎ ስለሆነ ግን በደንቡ መሠረት እስከ ሐሙስ በምስጢር እጠብቀዋለሁ። በትንሽ ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ የአሁኑ ጨው አይደለም።