የእድራችን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከሰዓት

እግሬ አብጧል። ስብሰባው ረዘመ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልናገር፣ ደብተሬ?

እድራችን ገና ጨቅላ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከገባን ወዲህ ነው የቆመው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ መረጥን። ዳኛ መባሉ ቀርቶ ፕሬዚዳንት ይባል አሉ መምህሩ አቶ ጌታሁን። ይባል። እሳቸውም እኔም ተጠቆምን። እጅ ሲቆጠር እኔ በለጥኩ። ፊደል በስተርጅና የቆጠርኩት ሴትዮ!

ተነሥቼ እንደ ወጉ፣ ኧረ እኔ አልችልም፣ ሌላ ፈልጉ አልኩ። ሰው ሳይለመን እሺ ይላል? ልመናውን ስጠብቅ ጸሐፊው፣ የጌታሁን የአክስት ልጅ፣ በፈቃዳቸው ለቀዋል ብሎ ጻፈ። ግማሹ ሰው አልገባውም፤ ግማሹ ቸኩሏል። ተጨበጨበ። አቶ ጌታሁን ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። ወንበሩ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ተከራዮችን እድር ላስገባ ነበር። የራሱ ቤት የሌለው አይገባም ይላሉ እነ ጌታሁን። ክረምት ላይ ከበላዬ የተከራየችው ልብስ ሰፊዋ ወሰኔ ስትሞት ድንኳን ከለከሉን። ለቅሶዋን ዝናብ ላይ ተቀመጥን። የሰው ልጅ!

ጸሐፊውን ደረጃው ላይ ያዝኩት። ለወግ ያልኩት ጠፍቶህ ነው?

«እማማ አልጋነሽ፣ ቃለ ጉባኤ ወግ አያውቅም» ብሎ ሳቀ።

«አንተስ ሰው ቤት ብላ ስትባል ሳትለመን ነው የምትጎርሰው?»

ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሽማግሌ መጣብኝ። አንድ የኛ ቄስ፣ አንድ የጴንጤዎቹ ሽማግሌ። በምንም የማይስማሙ ሰዎች፣ እኔ ዝም እንድል ግን ተስማምተዋል። ለሰላም ሲባል ምክትል ይሁኑ አሉኝ። ምክትል!

ተከራዮቹስ? አልኩ። እድሩ ይጠንክር፣ ቀስ እንበል አሉ። ሞትም ቀስ ይበልልን እንግዲህ፣ ንገሩልኝ አልኩ። ቄሱ መሬት መሬት አዩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ማታ

ከእድሩ ለቀቅሁ። አሁን እውነትም በፈቃዴ። ልጄ ከፉሪ ደውላ ጮኸች፤ ብትሞቺ ማን ሊቀብርሽ ነው አለች። እውነቷን ነው፤ ፈርቻለሁ።

ከሰዓት ተከራዮቹን ግቢው ውስጥ ሰበሰብኩ። የራሳችን እድር ይቁም አልኩ፤ ደስ አላቸው። ማን ይምራን ሲባል ግን ሁሉም አቀረቀረ። ተጠቋሚ ጠፋ። ይተያያሉ። ደሜ ፈላ።

እጄን አወጣሁና ራሴን ጠቆምኩ።

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ይሸፍኑ።