ኖር በማይክራፎን

ኅዳር 5፣ ሐሙስ
ለቡ ዛሬም ውኃ የለም። በጀሪካን ታጥቤ ወጣሁ። ከሰዓት አፈ ጉባኤዋ አስጠሩኝ። ለሕክምና ሊሄዱ ነው። "ከሰኞ ጀምሮ አንቺ ትመሪያለሽ" አሉኝ። ምክትል ስባል ምን መስሎኝ ነበር? "ሰው ስታቋርጪ ፈገግ አትበይ፤ የምትለምኚ ትመስያለሽ።" ሌላ ምክር የላቸውም።

ኅዳር 8፣ እሁድ
ልጄ ምስጢር ሳሎን ውስጥ አለማመደችኝ። እሷ ተናጋሪ፣ እኔ ሰብሳቢ። መዶሻ ስለሌለ በጭልፋ ጠረጴዛ መታሁ። ሳቅን። ከዚያ "ጋሼ ሮበሌንም እንዲህ ታቋርጪያቸዋለሽ?" አለችኝ።
ጭልፋውን አስቀመጥኩ። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። አሁን የምክር ቤታችን አባል ሆነዋል፤ ንግግር ከጀመሩ ደግሞ ማብቂያ የላቸውም። እሳቸውን ማስቆም ካልቻልኩ ማን ይሰማኛል?

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ጉድ ሆንኩ! ስብሰባው ተጀምሮ ጋሼ ዘግይተው ገቡ፣ ከዘራቸውን ይዘው። እኔ... ብድግ። "ኖር!" አልኩ። ማይክራፎኑ ክፍት ነው።
ሰብሳቢ ቆማ ማን ይቀመጣል? ምክር ቤቱ በሙሉ ተነሳ። የኅሊና ጸሎት መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። ጋሼም ደፉ። ማን እንደሞተ ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ አየሁ። "አመሰግናለሁ" ብዬ አስቀመጥኳቸው። ምን ልበል ታዲያ?
ከዚያ ተናገሩ። "ክቡር አፈ ጉባኤ" እያሉ... ክቡር! በወንድ። ሰዓታቸው አለፈ፣ አባላቱ "ሥነ ሥርዓት!" እያሉ እጅ አወጡ። እኔ ፈገግ አልኩ። ፈገግ!

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ
"ለሌላ ሰው ስጡት" ልል አስቤ ነበር። ኮሪደር ላይ ወይዘሮ ፌኔት አገኘችኝ። ትናንት የአካባቢዋን ጥያቄ ልታቀርብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ጋሼ ሲናገሩ ሰዓቱ አለቀ። "የኔ ተራ መቼ ነው?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። አፈርኩ። ለጋሼ ያደረግሁት አክብሮት ከሷ ተቀንሶ ነው ማለት ነው? አላውቅም... ነገን ልሞክር።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ
አቋረጥኳቸው።
"የተከበሩ አቶ ሮበሌ፣ ሰዓትዎ አልቋል።"
"አንዴ ልጨርስ፣ ውቤ..."
ውቤ! የቤት ስሜን! አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መዶሻውን መታሁ። ተቀመጡ። ፌኔት ተናገረች፣ ጥሩ አድርጋ። ሁሉም አዳመጣት።
ጋሼ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ትክክል ነኝ? ባለጌ ነኝ? ወይስ ሁለቱንም?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ
ስልክ አያነሱም።

ኅዳር 15፣ እሁድ
መካኒሳ አቦ፣ ጋሼ ቤት ሄድኩ፣ ብርቱካን ገዝቼ። ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ አልጠይቅ እያልኩ ደጃፋቸው ላይ ቆምኩ። የምጠይቀው በየትኛው ጥፋቴ ነው?
ስገባ ከዘራቸውን ተደግፈው ከሶፋው ተነሱ። "ኖር፣ ክብርት አፈ ጉባኤ" አሉ። ክብርት! አልተሳሳቱም። ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ ነው? ቅያሜ ነው? መለየት አቃተኝ።
"ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ ይቀመጡ!"
"በእግዜር በይ እንጂ።"
አልተቀመጡም። ቆመው መልሴን ጠበቁ። ለሳቸው በእግዜር ብዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የምነሳው እኔ ነበርኩ።
"በእግዜር" አልኩ። ያኔ ተቀመጡ።
ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸው። ስለ ፌኔት ንግግር ጠየቁኝ፣ ጎበዝ ናት አሉ። ብዙ አወራን። እስክወጣ ድረስ ግን አንዴም ውቤ አላሉኝም።