ላንድሮቨሯ ዋርካ ማርያም እስክትደርስ

ግንቦት 3

ዛሬም ገፋናት። ከከብት መድኃኒት ቤቴ በር እስከ አስፋልቱ... እኔና አራት የባጃጅ ሾፌሮች። ተነሣች፣ ጥቁር ጭሷን ለቀቀች፣ መልሳ ጠፋች።

"ዶክተር፣ ይችን ላንድሮቨር ለቁራሌው ይስጧት" አለ አንዱ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሃያ ሁለት ላሞች ይጠብቁኝ ነበር። በባጃጅ ሄጄ አራቱን አይቼ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ባጃጅ አያስገባም። እግሬ አብጧል።

ግንቦት 7

ባሌ ባየህ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ነበር። ቀና ሳይል፦

"የወጥ ቤቱ ጣሪያ ይህን ክረምት አይችልም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

ለጣሪያው ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለመኪናዋ እንደማደርገው ያውቃል። ከአፌ ሊሰማው ፈልጎ ነው። ሻይ ቀዳሁለት። እሱም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ጠብም እንዲህ ያጥራል።

አምናን ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ዋርካ ማርያም ሐይቁ ዳር ያለ ቀበሌ ነው። ክረምት ከገባ ውኃ ይውጠዋል፣ መንገድ የለም። ስለዚህ የአባ ሰንጋ ክትባት በሰኔ መድረስ አለበት። አምና ክትባቱን ይዤ ወጣሁ፤ መኪናዋ ግማሽ መንገድ ላይ ሞቃ ቆመች፤ ቆማም ዋልካ ውስጥ ሰመጠች። በማግስቱ በበሬ ተጎትታ ወጣች። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቀልጦ ክትባቱ ተበላሽቶ ነበር። ሌላ እስኪመጣልኝ ውኃው ቀደመኝ።

በሐምሌ ዐሥራ አንድ ከብት ሞተ። ሁለቱ የእትዬ ይታይሽ በሬዎች ናቸው። ባል የሞተባቸው ሴት... ያላቸው ያ ጥንድ ብቻ ነበር። በእርሻ ወቅት።

ማንም አልወቀሰኝም። እሳቸውም አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ገበያ ስንገናኝ ግን ሰላምታዬን አይቀበሉም። ያልፉኛል።

ግንቦት 11

አያ እንግዳው ጋራዥ ወሰድኋት። በገመድ አስጎትቼ! ስልሳ አምስት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ በዚህ አገር አሮጌ መኪና የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሦስት ጊዜ ዞሯት። ከሥሯ ገብተው ብዙ ቆዩ።

"ምን እንድትሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?"

"እንድትደርስልኝ።"

"እንድታምር አይደለም?"

"አይደለም አያ። አቅምም የለኝ።"

"እንግዲያስ መንገድ ላይ የምታስቀርሽን ብቻ እንሠራለን። ቀለም የለ፣ ወንበር የለ። መስተዋቱም እንደተሰነጠቀ ይቅር።"

ፍሬን መጀመሪያ። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ... ለካ ስንት ዓመት ሙሉ የፊቶቹ አይጎትቱም ነበር። ከዚያ ራዲያተሩ። ከዚያ ውኃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ማድረግ። "ክረምቱ ካልቀደመን" አሉ።

ግንቦት 19

የፍሬኑ ሥራ አለቀ። ሱቁን ዘግቼ አብሬያቸው ስሠራ ነው የዋልሁት። ለሁለተኛ ሠራተኛ የምከፍለው የለኝማ። እጄ በሳሙናም በአመድም ቢታሸ ግራሶው አይለቅም። ደክሞኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ግንቦት 26

የፊቱን የሚያስጎትተው ዕቃ የአዲሱ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። አያ እንግዳው አንበሳሜ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት ጓሮ፣ የሷ ቢጤ መኪና ሬሳ መኖሩን ያውቃሉ። "ጭነቷን የሚሸከመውን ባሌስትራውንም አብረሽ አምጪ፤ ከአንቺው ይሻላል።"

ጠዋት ልወጣ ስል ባየህ ጫማውን እያሰረ ነው።

"ወዴት ነው?"

"ብረት ብቻሽን አትሸከሚም።"

ይኸው ነው።  መፍታቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብን። የዛገ ብሎን... ባየህ አውራ ጣቱን ቆሰለ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ባሌስትራውን እግራችን ሥር አድርገን፣ ትከሻዬ ላይ ተኛ። የሚያንኮራፋው ድሮ እንዲህ አልነበረም።

ሰኔ 1

ዘነበ። ገና ነው፣ ሜዳው ይመጠዋል... ግን ዘነበ።

ሰኔ 4

"አፍንጫዋን ከፍ እናድርግላት" አሉ አያ እንግዳው። አየር የምትስብበትን ከሞተሩ አውጥተው፣ በውኃ ቧንቧ ብረት አስረዝመው እስከ ጣሪያዋ አደረሱት። ከቤት ግንባታ የተረፈ ቧንቧ ነው። ብየዳው ሸካራ። ከሥሯ ያሉትን መተንፈሻ ቀዳዳዎችም ሁሉ በላስቲክ ቱቦ ወደ ላይ ሳቡት።

የባጃጅ ሾፌሮቹ ተሰብስበው አዩ። በዚህ ጊዜ አልሳቁም። አንዱ "ዋጋው ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ሰኔ 8

ባዶዋን ለሙከራ በዋርካ ማርያም መንገድ አወጣናት። ዋልካውን ቆረጠችው! የፊት ጎማዎቹ ሲይዙ ተሰማኝ፤ መሪው ላይ በእጄ ተሰማኝ። ልቤ ሞቀ። ከዚያ... ሞተሩ ጋለ። ራዲያተሩ ተጠግኖ ሳለ እንኳ፣ እንደ አምናው። ምናልባትም አምና የቆመችበት ቦታ ላይ።

አያ እንግዳው ክዳኑን ከፍተው ሲያዩ እኔ መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስሁ። ባለ ጣሪያ ወጥ ቤት ይኖረኝ ነበር። አርፌ የዶሮ መድኃኒት እየሸጥሁ እቀመጥ ነበር። ማን አስገደደኝ?

"ነይ እስቲ" አሉኝ። "ነይ እይው።"

ራዲያተሩ ፊት ለፊቱ ሙሉ ገለባ ነው። የሩዝ ገለባ! ታፍና ነው የጋለችው። በየማሳው ዳር ስንነዳ የሰበሰበችው።

"አምናም ይኸው ይሆን?"

"ማን ያውቃል" አሉ። አንድ እፍኝ ገለባ ነቅለው ጣሉ። ከዚያ "አሮጌ ወንፊት አለሽ?" አሉኝ።

የቤቴ የጤፍ ወንፊት አሁን ራዲያተሩ ፊት ላይ በሽቦ ታስሯል። እየቆሙ ማራገፍ ብቻ ነው። አንድ ወንፊት... ሁለት በሬ።

ሰኔ 13

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አደረ። ክትባቱን በረዶ ሳጥን ውስጥ አሽጌ ሳይነጋ ወጣን፤ አያ እንግዳው አልቀርም ብለው አብረውኝ። ጎማዎቹን ትንሽ አስተነፈሷቸው። ሦስት ቦታ ቆመን ወንፊቱን አራገፍን። መንገዱን የሚያቋርጠው ጅረት ጋ ስንደርስ ውኃው ሞልቷል። ወርደው በዱላ ለኩት።

"እስከ በሩ ነው። ቀስ በይ፣ ግን እንዳትቆሚ። ብትፈሪም እንዳትቆሚ።"

ፈራሁ። አልቆምሁም። ውኃው በበሩ ሥር ገብቶ እግሬን አራሰኝ። ሞተሩ አልጠፋም። ማዶ ስንወጣ አያ እንግዳው ኮፍያቸውን አወለቁና ፊታቸውን ጠረጉበት። 

መቶ ስልሳ ሦስት ከብት። ክንዴ እስኪዝል። እትዬ ይታይሽ አንዲት የተዋሷትን ላም እየጎተቱ ከሁሉም በኋላ መጡ። ወጋኋት። ገመዱን እየጠቀለሉ አዩኝ፤ ከዓመት በኋላ ፊቴን አዩኝ።

"ዘንድሮ ደረስሽ።"

"ደረስሁ፣ እትዬ።"

"አምና የት ነበርሽ?"

መርፌዬን ወደ ሳጥኑ መለስሁ። ስለ ገለባው ልነግራቸው ነበር... ተውሁት። "መንገድ ላይ ቀርቼ ነበር" አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁና ላሟን ይዘው ሄዱ።

ሰኔ 14

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ።

ሐምሌ 22

ከዋርካ ማርያም አጠገብ ካለው ወንዝ ማዶ አባ ሰንጋ ገብቷል አሉ። እኛ ያልከተብነው በኩል። ዋርካ ማርያም ግን እስካሁን ደኅና ነው፤ በስልክ ጠየቅሁ።

ወጥ ቤቱ ያፈሳል። ባየህ ባልዲ ደቅኖ፣ ሌላ ባልዲ ፍለጋ ሲዞር፦

"እዚያስ? የሞተ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያስ ይፍሰስ" አለ።

ኅዳር 17

ትናንት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ይታይሽ! በሰው ስልክ። ሩዛቸውን ሸጠዋል፣ ይፋግ ገበያ ወይፈን ሊገዙ ነው።

"ነይና ምረጭልኝ" አሉኝ። "እኔ ዓይኔ ደክሟል። ሰው ያታልለኛል።"

ሄድሁ። እሳቸው አንድ ቀይ ወደው ነበር፤ ሲተነፍስ ሰማሁትና ይተዉት አልኋቸው። አልተከራከሩኝም። ነጭና ጥቁሩን፣ አጭሩን መረጥሁ። ጥርሱን አየሁ፣ ሰኮናውን አነሣሁ፣ ሆዱን አዳመጥሁ። "ይኸ?" "ይኸ ነው፣ እትዬ።" ከጉያቸው ገንዘቡን አውጥተው ከፈሉ።

ወይፈኑን አራት ሰው ገፍቶ መኪናዋ ላይ ጫነው። እሳቸውን ከፊት ይቀመጡ አልሁ፤ እምቢ አሉ፣ ከሱ ጋር ከኋላ ካልሆነ። በሁለት እጃቸው አንገቱን ይዘው ተቀመጡ።

መንገዱ ደርቋል፤ ጅረቱም ቁርጭምጭሚት አይነካም። ግማሽ መንገድ ላይ በመስተዋት ሳይ... እትዬ ይታይሽ ወይፈኑ ጎን ላይ ራሳቸውን ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው።

ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርሁ፣ ቀስ ብዬ ነዳሁ።