አስተርጓሚዬ ለነበርሽው ለአትክልት

ሰበታ፣ መጋቢት ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ውድ አትክልት፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ውድ» ይባላልና እኔም ብያለሁ። ግን እንዳትሳሳቺ፤ እንዳንቺ ውድ የሆነብኝ ሰው የለም ማለቴ ነው። ጤንነትሽን አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅሽ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ ውሸት ይሆናል። ለዕርቅም አይደለም የምጽፈው። የላክሻቸውን ሽማግሌዎች ከደጅ እንደ መለስኳቸው ነግረውሻል። ምስኪኖች፣ በምን እንደተጣላን እንኳ አያውቁም፤ «በማይረባ የሴት ነገር ነው» ብለሽ ልከሻቸዋል። እንግዲያው የማይረባውን ነገር ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንቺ ለሰው ከምታወሪው ጋር እንዳይምታታብሽ።

አቶ ዳኜ በሥራ ተዛውሮ ሰበታ ሲመጣ ጎረቤቴ ሆንሽ። አንቺ አስመራ ያደግሽ፣ ጣሊያንኛ የምትናገሪ የሹም ሚስት፤ እኔ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ፣ ባሏ የሞተባት ቅቤ ነጋዴ። ያገናኘን ውፍረታችን ነው። አገሩ «ደላቸው» ይለናል፤ ጉልበታችንን ስናሽ እንደምንውል፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደን መስገድ እንደሚያቅተን የምናውቀው ግን እኔና አንቺ ብቻ ነበርን። ትዝ ይልሻል አይደል፣ የአውቶቡሱ ረዳት «እናንተ ሁለታችሁ የአራት ሰው ቦታ ያዛችሁ» ብሎ ሲያላግጥብን «አንተስ ከቀጭን የወጣህ መሰለህ? ሂድና እናትህን እያት!» ብለሽ ተሳፋሪውን በሳቅ የገደልሽው? የዚያን ቀን እህቴ ናት ብዬ ነበር። ለእናቴ ልጆች እንኳ ያልነገርኩትን ላንቺ ነገርኩሽ።

ከዚያ ቡራዩ ተዛወራችሁ። አንቺም «አስመራ ዘመድ ልጠይቅ» ብለሽ ጠፋሽ። ስትመለሺ ቀሚስሽ እንደ ድንኳን ሰፍቶሽ፣ አንገትሽ ወጥቶ፣ እኔማ መጀመሪያ አላወቅሁሽም። ለሰው ሁሉ «ጸበል ነው» አልሽ። ለእኔ ግን ጓዳ አስገብተሽ እውነቱን ነገርሽኝ፤ ወይም እውነት የመሰለኝን። አዲስ አበባ አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም አለ፣ ሆድ ቀዶ አንጀትን ያሳጥራል፣ የበሉት ሳይዋሐድ ቶሎ ያልፋል፣ በቃ።

«አያምም?» ብዬ ጠየቅሁሽ።

«እንደ ምጥ ነው፣ ይረሳል።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ልብስ ማጥበብ ነው» ብለሽ ሳቅሽ።

አምና በኅዳር አንቺው ራስሽ እጄን ይዘሽ ወሰድሽኝ። ነርሷ ሲስተር ሰብሪያ ለማስተርጎም ወንበር ስትስብ «ግድ የለሽም፣ እኔ አለሁላት» ብለሽ መለስሻት። ሐኪሙ ወረቀት ላይ አንጀት ሥሎ መናገር ጀመረ። ብዙ ተናገረ አትክልት። ወደ ዓይኑ አመለከተ፣ ፀጉሩን ያዘ፣ ጎኑን ነካ፣ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፣ እያንዳንዱን ነገር ሲጨርስ ወደ እኔ ያያል። እኔም የተረዳሁ መስዬ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ ለጨዋነት። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞርሽና «ምንም አይደል ይልሻል፤ ትቀጥኛለሽ» አልሽኝ።

«ይህን ሁሉ አውርቶ ያለው ይኸን ብቻ ነው?»

«ጣሊያን እኮ ነው፣ ወሬ ያበዛል!»

እኔም ሳቅሁ። እሱ መሳቄን አይቶ አንድ ነገር ጠየቀሽ፤ «ሲ፣ ሲ» አልሽው። ምን ብሎ እንደጠየቀሽ ያወቅሁት ኋላ ነው። «ሁሉንም በሚገባ ተረድታለች?» ነበር ያለሽ።

እንዳንቺ አልዋሽም፤ ደጉንም እናገራለሁ። ቀጠንኩ። ጉልበቴ ለቀቀኝ። ለስቅለት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዋልኩ፣ ሰገድኩም፤ እያለቀስኩ ነው የሰገድኩት፣ አንቺንም በጸሎቴ ጠራሁሽ። ያን ደስታ ማንም አይወስድብኝም።

ዕዳው ግን ወዲያው ነው የመጣው። ተቅማጡ አልቆም አለ። ገበያ ወርጄ ቅቤዬን ዘርግቼ፣ ገዢ እያናገርኩ በመካከል ተነሥቼ እሮጣለሁ፤ ሜዳ ላይ ወዴት እሮጣለሁ? ሆዴ የሚያወጣውን ሽታ ልነግርሽ አያስፈልግም፣ ታውቂዋለሽ። ደንበኞቼ ቅቤውን እያነሱ ያሸቱት ጀመር። «ሸዋነሽ፣ ቅቤሽ ከርሟል መሰለኝ» ብለው ይሄዳሉ። ቅቤዬ እኮ የትናንት ነው! የሸተትኩት እኔ ነኝ ልበላቸው? ገበያ መውጣቴን ተውኩ። ፀጉሬ በእጄ እየወጣ መጣ። እጅና እግሬ እየተኮማተረ ይይዘኝ ጀመር። ቀጥሎ ዳፍንት ያዘኝ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የገዛ ቤቴን ግድግዳ እየዳበስኩ እሄዳለሁ።

ያኔ መጣሽ። የዶሮ ሾርባ ይዘሽ መጣሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ አለቀስሽ። «ዓይን ነው የበላሽ፤ ያማረበትን አይወዱም» ብለሽ ጸበል እንድጠመቅ መከርሽኝ። እኔም ክንድሽን ይዤ ዓይንሽን እያየሁ ጠየቅሁሽ፦ «አንቺንስ እንዲህ አድርጎሽ ያውቃል?»

«እኔን? ኧረ በጭራሽ! ምን በወጣኝ!»

ሌላውን ሁሉ ምናልባት እግዚአብሔር ያስረሳኝ ይሆናል። ይቺን ቃል ግን አይመስለኝም። ጉድለቱ ከገላዬ ነው ብዬ፣ ሌላው የቻለውን እኔ ያልቻልኩ ብዬ ራሴን እየረገምኩ ተኛሁ። ሞቴን ስጠብቅ ወንድሜ ባይሳ መጥቶ ሲያየኝ ደንግጦ ታክሲ ተከራይቶ ክሊኒክ ወሰደኝ። አንቺ ያን ሰሞን ለእናትሽ ተዝካር አስመራ ነበርሽ፤ ያስተረጎመችው ሰብሪያ ናት።

ሐኪሙ ሲያየኝ ተቆጣ። «ለምን ለደም ምርመራ አልመጣሽም? የሰጠሁሽን ክኒን ለምን አቋረጥሽ? ዓይንሽ ሲዳከም፣ እጅሽ ሲኮማተር ቶሎ ነይ አላልኩሽም?» ይላል። ክኒኑን አንቺ «የአንድ ወር ነው» ብለሽኝ ነበር። እኔ «ማንም አልነገረኝም» እላለሁ። ሰብሪያ ወደ እሱም ወደ እኔም እያየች ታስተረጉማለች። በመጨረሻ ብዕሩን አስቀመጠ። «እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሁሉንም ነግሬሻለሁ፤ አንገትሽን ስትነቀንቂ ነበር» አለ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ዓይኑ ያመለከተው ስለ ዳፍንቱ ነበር። ፀጉሩን የያዘው ስለ ፀጉሬ ነበር። ጎኑን የነካው ስለ ኩላሊት ጠጠርና ስለ ጉበት ነበር። ዕድሜ ልክ ክትትል ያስፈልግሻል፣ ይህን የማትችይ ከሆነ ይቅርብሽ ብሎኝ ነበር። አንቺ ይህን ሁሉ በጆሮሽ ሰምተሽ፣ በገላሽም አይተሽው፣ «ትቀጥኛለሽ» አልሽኝ።

በመስከረም ሐኪሙ እንደገና ቀዶ አንጀቴን መልሶ ቀጠለው። ዓይኔ ተመለሰ፣ ውፍረቱም እየተመለሰ ነው፣ ጉልበቴም ማመሙን ጀምሯል። ይሁን። አንቺን ግን አልጠየቅሁሽም፤ ስሜ ተጠርቶ ስምሽ አብሮ እንዲጠራ አልፈለግሁም። እንደሞትሽ ቆጥሬ ልተውሽ ነበር።

በጥር ባይሳ ከሱሉልታ ቅቤ ይዞልኝ መጣ፣ ደስ ብሎታል። «ጓደኛሽ እንዴት ያለች ደግ ናት!» አለኝ። «ገለቴን በሚቀጥለው ማክሰኞ ጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ ልትወስዳት ነው። ስብ ነው ማኅፀንሽን የዘጋው ብላ አስረዳቻት። ከቀጠነች በዓመቱ ትወልዳለች አለች።»

«እኔን ያየህ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

«አንቺን ዓይን ነው የበላሽ፣ አትክልት ደህና ናት እኮ!» አለኝ የእናቴ ልጅ።

ገለቴን ታውቂያታለሽ። የወንድሜ የባይሳ ልጅ ብቻ አይደለችም፤ ያሳደግኋት ናት። ኩምሳን ካገባች ወዲህ ልጅ አጥታ፣ የአማቷን ምላስ ችላ የምትኖር። ሱሉልታ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። «አዳዳ» አለችኝ፤ አክስት ማለቷ ነው፣ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምትጠራኝ፤ «አዳዳ፣ አንቺ አልሆነልሽም፣ እትዬ አትክልት ግን ይኸው ሆኖላቸዋል። እኔስ እንደሳቸው ብሆን?» የታመመች አክስትና ያማረባት ወይዘሮ የተለያየ ቢነግሯት ወይዘሮዋን አመነች።

ስለዚህ ማክሰኞ ቀድሜሽ ክሊኒክ ተቀመጥኩ። ገለቴን ይዘሽ ስትገቢ ፊትሽ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልሰማ። ሲስተር ሰብሪያ ታስተርጉም።»

«እኔ አለሁ እኮ፣ ሸዋዬ።»

«መኖርሽንማ አውቃለሁ።»

ሐኪሙ እንደዚያን ቀን ሥሎ ማስረዳት ጀመረ። ሰብሪያ ቃል ሳትውጥ አስተረጎመች። «ይህ ኦፕራሲዮን አንድ ቀን ተኝተሽ የምትነሺበት ነገር አይደለም» አላት። «ከዚያ በኋላ ዕድሜሽን ሙሉ ክኒን ትውጫለሽ፣ ደምሽን ትታያለሽ። ተቅማጡ አንዳንዱን ይተወዋል፣ አንዳንዱን አይተወውም። በጉበቱ የሚጎዳ አለ፣ በቀዶው የሚሞትም አለ። ውፍረቱ ራሱ ሊገድለው የደረሰ ሰው ይህን ሁሉ አመዛዝኖ እሺ ሊል ይችላል፤ ተጠቅመው ያየኋቸውም አሉ። አንቺ ግን ስኳር የለብሽ፣ ደም ብዛት የለብሽ፣ ሌላውን መንገድ ገና አልሞከርሽ። ምን አስቸኮለሽ?»

ገለቴ መሬት መሬት እያየች «ልጅ» አለች።

ሰብሪያ ነገረችው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲያውም ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ማርገዝ የለብሽም። ሰውነትሽ ለራሱ የሚበቃውን ካላገኘ ለፅንሱ ከየት ያመጣል? ለመሆኑ ባልሽ ተመርምሯል?»

ገለቴ ቀስ ብላ ወደ አንቺ ዞረች። «እትዬ፣ በዓመቱ ትታቀፊያለሽ ብለውኝ አልነበረም?» መልስ ጠበቀች። አንቺ የቦርሳሽን ማንጠልጠያ ስታፍተለትይ ወደ እኔ ዞረችና በቋንቋችን «ዱጋ?» አለችኝ፤ እውነት ነው? «ኤዬ፣ ዱጋ» አልኳት።

ከዚያ ሐኪሙ አንቺን በጣሊያንኛ ተናገረሽ። ሰብሪያ ልማድ ሆኖባት እሱንም አስተረጎመችው፦ «እርስዎም ለምርመራ ከመጡ ከዓመት በላይ ሆነዎት። ተቅማጡ ባሰብዎት ወይ? ማታ ማየት ቻሉ?» ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ሰማን። ገለቴ ነጠላዋን አንሥታ «አስብበታለሁ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እስከ ዛሬ አላረገዘችም። ኩምሳም «እኔ ወንድ ነኝ፣ ምን ሆኜ እመረመራለሁ?» እንዳለ ነው። ግን ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ላሞቿን ታልባለች፣ የሚሆነውን ደግሞ እሷው አውቃ ትመርጣለች።

ግቢው ውስጥ ነጠላዬን ይዘሽ አስቆምሽኝ። «ብቻዬን ነበርኩ» አልሽኝ። «ዳኜ ሽታውን ሸሽቶ ሌላ ክፍል ማደር ጀመረ። ጨጓራዬ ነው ብዬዋለሁ። ለማን ልናገር? አንቺም እንደኔ ብትሆኚ አንድ የማወራው ሰው አገኛለሁ ብዬ ነው።»

«ታዲያ እንዳንቺ ሆኜ ስጠይቅሽ ለምን ካድሽኝ?»

«አፈርኩ።»

«ገለቴስ?»

«እንዴት ቀጠኑ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ብነግራት ላንቺ ትነግርሻለች ብዬ ፈራሁ።»

ሰማሽ የገዛ አፍሽን? እኔን የጣልሽኝ ጉድጓድ ውስጥ ጓደኛ ፍለጋ ነው፤ ልጄን ልትጥያት የነበረው እኔን መጣልሽ እንዳይታወቅ ነው። የዚያን ዕለት ነጠላዬን ከእጅሽ ነጥቄ ወጣሁ። በእግሬ ሥር ብትወድቂ ተራምጄሽ በሄድኩ።

አሁን ለምን እንደምጽፍልሽ ልንገርሽ። ባለፈው እሑድ የድሮ ጎረቤታችን የወይዘሮ የሺወርቅ ለቅሶ ላይ አየሁሽ፤ ከሩቅ ሆኜ፣ አንቺ አላየሽኝም። ሻሽሽን እስከ ቅንድብሽ አውርደሻል፣ ግን የዓይንሽ ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። እግርሽም አብጦ ጫማሽን ረግጠሽ ነው የሄድሽው። ሰብሪያን ሄጄ ጠየቅኋት። «ጉበቷ ነው፤ ካልዘገየ ሐኪሙ አንጀቷን መልሶ ሊቀጥልላት ይችላል፣ እንደርስዎ። ግን ከፋሲካ በኋላ አገሩ ጠቅልሎ ይገባል፤ ሌላ የሚያውቀው ሐኪም እዚህ የለም» አለችኝ።

ቤቴ ተመልሼ «የእጇን አገኘች!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ደስም ብሎኛል። እውነቱ ይኸው ነው። ግን ደስታው እስከ ማግሥቱ አልቆየልኝም። አልጋ ላይ ሆኖ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ያን ለጠላቴ አልመኝም ነበር፣ አንቺም ጠላቴ ነሽ።

ሐሙስ ጠዋት ቡራዩ መጥቼ ደጅሽ ላይ እቆማለሁ። ለአቶ ዳኜ የምትነግሪውን ንገሪው፤ እኔን ቢጠይቀኝ ግን እውነቱን ነው የምነግረው። ካልወጣሽ በሩን አንኳኳለሁ፣ ካልከፈትሽ ጎረቤት እጠራለሁ፤ አፌን ታውቂዋለሽ። ካንቺ ጋር ክሊኒክ እገባለሁ፣ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ ሐኪሙ የሚልሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬሽ እሰማለሁ። ከተኛሽም አስታምምሻለሁ።

ይቅር ግን አላልኩሽም። በመንገድ ላይ እንዳታናግሪኝ።

ሸዋነሽ ጎበና